ለሙት ዓመትዎ የማልመጣበት ምክንያት

እማማ፣ እናቴ ሆይ፣

ከተለዩኝ ዓመት ሊሞላ ነው። እሑድ ሀና ማርያም ሙት ዓመትዎ ይታሰባል፤ እኔ ግን አልመጣም። ምራት ከአማቷ ሙት ዓመት ስትቀር ምን እንደሚባል አውቃለሁ። እኔም በሌሎች ላይ ስል ኖሬያለሁ።

ልጅዎን ትቼ መካኒሳ አንዲት ክፍል ተከራይቻለሁ። እርስዎ ሳሉ እጁን አያነሳም ነበር። ድምፁ ከፍ ሲል ከሳሎን ሆነው ውኃ አምጪልኝ ብለው ይጠሩኝ ነበር። ሳይጠማዎት የጠጡልኝን ውኃ ቤት ይቁጠረው! ከሄዱ በኋላ ማን ይጥራኝ?

አሁን በየሐሙሱ የምታየኝ የሥነ ልቦና አማካሪ አለች። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ደህና ነኝ ከማለት በቀር ቃል አልወጣኝም። ሁልጊዜ በሩን የሚያሳየኝን ወንበር ስመርጥ አይታ፣ ኋላ ራሷ ወንበሩን ወደ በሩ አዙራ ትጠብቀኝ ጀመር።

ለእሑዱም አብረን ስንዘጋጅ ነበር። የት እንደምቆም፣ ከማን ጋር እንደምሄድ፣ ልቤ ሲመታ እግሬን መሬት ላይ ተጭኜ እንዴት እንደምተነፍስ። ልጅዎም ከቅዳሴ በኋላ ለማውራት ብቻ እንደሚፈልገኝ በእህቱ ልኮብኛል። የእሱን ማውራት እኔና እርስዎ እናውቀዋለን።

ማክሰኞ መንገዱን ልሞክረው ብዬ ታክሲ ያዝኩ። ከኋላዬ አንድ ሰውዬ ልክ እንደ እሱ ጉሮሮውን ጠረገ። ምንም ሳላጠፋ፣ ዘወር እንኳ ሳልል፣ ይቅርታ አልኩት። ሰውዬው ግራ ገብቶት ምን አደረግሽኝ አለኝ። ወራጅ አለ ብዬ ወረድኩና አጥር ተደግፌ ቆምኩ። እማማ፣ በጣም ፈራሁ። ሰውዬውን አይደለም። እሑድ ልጅዎ ነይ ሲለኝ እሺ የሚለውን የገዛ ምላሴን ነው የፈራሁት።

አማካሪዬ ይህን ስነግራት አልተቆጣችኝም። መቅረትም ይቻላል አለችኝ። እኔ ግን ስቀርበት ፈልጎኝ ይመጣ ይሆን እያልኩ ከአሁኑ እህል አልወርድ ብሎኛል። በር በተንኳኳ ቁጥር እበረግጋለሁ።

እህቱ ውለታ በላ ነሽ ብላኛለች። በመጨረሻው ሳምንትዎ እግርዎን ሳጥብ ያሉኝን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። እኔን ቅበሪና ወደዚህ ቤት አትመለሺ ነበር ያሉኝ። በገዛ ልጅዎ ላይ! እኔ ሞኟ ሰው ምን ይለኛል ብዬ እስከ አርባዎ ቆየሁ። በዚያ አርባ ቀን የደረሰብኝን አልጽፍልዎትም።

እስካለሁ አልረሳዎትም። እሑድ በሬን ቆልፌ፣ እየፈራሁም ቢሆን፣ ስምዎን እየጠራሁ እውላለሁ። አልመለስም።