ይስማው አንተን ፍለጋ ወጥቷል

ውድ ገዳሙ፣

እንደምን ከርመሃል? ልጆችህስ ደህና ናቸው? ሰላምታዬን አሳጥሬ ወደ ጉዳዩ የምገባው ልቤ አላርፍ ስላለኝ ነውና ይቅር በለኝ። ይስማው ከቤቱ ወጥቶ ጠፍቷል። ወደ አንተ እየመጣ ሳይሆን አይቀርም። ስልክህን ስሞክር ውዬ ሳድር «ማግኘት አይቻልም» ከማለት በቀር ምላሽ የለውም፤ በእናንተ በኩል ኔትወርክ ከጠፋ ሰንብቷል አሉኝ። ስለዚህ መንገዱ እንደተከፈተ ወደ መርጡለ ማርያም የሚነሳው ሾፌሩ እንዳላማው ይህን ወረቀት ያደርስልኛል። ይስማው እጅህ ገብቶ ከሆነ እባክህ ከቤት አታስወጣው። ካልደረሰም እስከ መጨረሻው አንብበኝ። ያ የምታውቀው ይስማው አይደለም።

ባለፈው ቅዳሜ የቡድናችን የጮቄ ኮከብ የቀድሞ ተጫዋቾች ጨዋታ እንደነበር ታውቃለህ፤ የግራ መስመሩ ጓደኛችሁ ያለው ራሱ ኔትወርክ ሳይጠፋ ደውሎ ጠርቶህ ነበር። የመለስክለትንም ነግሮኛል። «የእናቴን ለቅሶ ካልደረሰ ሰው ጋር አንድ ሜዳ አልገባም» ብለሃል። ማንም አልፈረደብህም። እኔ የዚያን ጊዜ ደጋፊ ነኝ፤ የሁላችሁንም ማሊያ ቁጥር በእጄ የሰፋሁ ነኝ፤ የሆነውን ሁሉ አይቻለሁ።

አጥሩ ሥር ቆሜ ያየኋችሁን ተጫዋቾች ዛሬ ሳስብ ሁላችሁም ያላረጃችሁ ይመስለኛል። ያለው በግራ መስመር ኳስ ይዞ ሲነጉድ ወንዶቹ ደጋፊዎች ከእሱ እኩል አጥር ለአጥር ይሮጡ ነበር። አንተ ደግሞ ጭቃ ላይ ተወርውረህ ኳሷን እቅፍ ስታደርጋት ዝም ብለህ ነበር የምትነሳ፤ ጭብጨባውን የሰማህ አትመስልም። ይስማው ኳስ ከመምታቱ በፊት ዘወር ብሎ አንተን ያይ ነበር። አምበል ሆኖ ሳለ ከአሰልጣኙ ይልቅ የሚሰማው አንተን ነበር። አንድ ቤት የተወለዳችሁ የሚመስላቸው ሰዎችም ነበሩ።

ከዚያ የዞኑ ዋንጫ ፍጻሜ መጣ። እናትህ እማማ ወለተ ሰንበት ታመው ጧት መልእክት ደረሰህና ማናችንንም ሳታገኝ ወደ አገርህ ሄድክ። ለቡድኑ እንዲነግር የላክኸው ሰው ሜዳው የደረሰ ጨዋታው ካለቀ በኋላ ነው። እኛ ተሸነፍን። ይስማው በሕዝብ ፊት የአምበልነቱን ጨርቅ ከክንዱ አውልቆ ጣለና ገዳሙ ከዛሬ ጀምሮ ለእኔ የለም አለ። በዚያው ሳምንት እናትህ አረፉ። እኛ ሁላችን መኪና ተኮናትረን ለቅሶ ደረስን፤ እሱ ብቻ ቀረ። እውነቱን ኋላ ሰምቷል። አፍሮ ይሁን ልቡ ደንድኖ፣ እንጃ። አንተም ወደ ማርቆስ አልተመለስክም። በእኛ አገር ለቅሶ መቅረት ምን እንደሆነ ለአንተ አይነገርም።

እንግዲህ ቅዳሜ ይስማው አረንጓዴውን ማሊያ ለብሶ፣ ልጁ ዓይናዲስ ክንዱን ይዛው መጣ። ፀጉሩ ነጣ እንጂ ቁመናው ያው ነው፤ አጨበጨብንለት። ዳኛው ፊሽካውን ወደ አፉ ሲወስድ ይስማው እጁን አነሳና ገዳሙ ሳይመጣ አንጀምርም አለ። ቀልድ መስሎን ሳቅን። ከዚያ ቀጥ ብሎ ወደ በረኛው ሄደ፤ ትከሻውን ያዝ አድርጎ በትህትና አስወጣውና በቦታው ቆመ። ያለው ሮጦ ሄዶ ቦታህ ከፊት ነው እያለ ሊመልሰው ሞከረ።

«እናቱ ታመውበት ነው የዘገየ» አለው ይስማው። «እስኪመጣ በሩን እኔ እጠብቅለታለሁ።»

በጆሮዬ ሰማሁት። ሳቁ ቀጥ አለ። ያለው ፊቱን ከእኛ አዙሮ እንባውን በማሊያው ጠረገ። ዳኛውም ፊሽካውን ሳይነፋ ኪሱ ከተተው። የዚያን ቀን ጨዋታ አልተካሄደም።

ዓይናዲስ ከጎረቤት ደብቃ የያዘችውን ለእኛ የነገረችን ያኔ ነው። ሐኪሞቹ የመርሳት በሽታ ብለዋታል። ምሳውን በልቶ ምሳ አላበላችሁኝም ይላል፤ እሷን አንዳንዴ በሟች እናቷ ስም ይጠራታል። አንተን ግን አንድ ቀን ሳይጠራህ ውሎ አያውቅም። በቁጣ የተናገረውን ረስቶታል። መኳረፋችሁንም አያውቅም። ቂሙ ከጭንቅላቱ ወጥቶ አንተ ብቻ ቀርተሃል።

እሑድ ከቅዳሴ ስመለስ ዓይናዲስን ሱቄ በር ላይ ቆማ አገኘኋት። «እትዬ ወለላ፣ አባዬ የለም» አለችኝ። ሜዳውን፣ ሆስፒታሉን፣ የቤተ ክርስቲያኑን ቅጥር ግቢ ሁሉ አዳረስን። በመጨረሻ መናኸሪያ ያገኘነው ተራ አስከባሪ ማሊያ የለበሰ ሽማግሌ በቁይ ከተማ በኩል በሚያልፍ ሚኒባስ መሳፈሩን ነገረን። ወዴት ነው ቢለው በረኛችንን ላመጣ ነው አለው፤ አነጋገሩ የጤነኛ ስለነበር አልጠረጠረም። ያለው በሞተር ሳይክል ተከተለው፤ ቁይ ገበያ ላይ ያዩትን ሰዎች አግኝቶ ሚኒባሱ ካለፈ በኋላ ከዚያ ወዲያ መንገዱ ተዘግቷል ተብሎ ተመለሰ።

ከዚያ ወዲህ ያለውን ጭንቀቴን እንዴት ብዬ ልጻፍልህ። ይህ የጥቅምት ብርድ ነው፤ እሱ ከማሊያው በላይ የደረበው ነገር የለም። መድኃኒቱ ቤት ቀርቷል። ከሁሉ የባሰብኝ ኬላው ነው። ማን ነህ፣ ወዴት ነህ ቢሉት የጮቄ ኮከብ አምበል ነኝ ይላል፤ መታወቂያ ቢሉት አልያዘም። ዘመኑን ታውቀዋለህ፤ በእንዲህ ያለ መልስ የሚስቅ ሰው ይግጠመው፣ የሚቆጣ ይግጠመው ማን ያውቃል? ሞተር በጮኸ ቁጥር ከስፌት መኪናዬ ላይ ብድግ እላለሁ። የጀመርኩትን ቀሚስ እጅጌውን ገልብጬ ሰፍቼ ፈታሁት።

እዚህ ላይ አቁሜ ነበር። አሁን እንዳላማው መጣ፤ ወሬም ይዞ መጣ። መንገዱ ተከፍቷል። ከዚያ በኩል የመጣ ሾፌር ይስማውን ደብረ ወርቅ አይቶታል። በሕይወት አለ። የኔታ መሳፍንት የሚባሉ የአብነት መምህር መንገድ ዳር አግኝተውት ወደ ቤታቸው አስገቡት፤ ጋቢ አለበሱት፣ ከተማሪዎቻቸው ጋር እያበሉ አቆዩት። ግን ወደ ማርቆስ በሚመለስ መኪና ሊያሳፍሩት ቢለምኑት እምቢ ብሏል። ገዳሙን ሳልይዝ አልመለስም ይላል። መርጡለ የሚሄድ መኪና መጣ ወይ እያለ ያላፊ አግዳሚውን ልብስ ይይዛል። የኔታም እስከ መቼ በልመና ያቆዩት ይሆን? በእግሩ ቢነሳስ?

ዓይናዲስ ከእንዳላማው ጋር ሄዳ ደብረ ወርቅ ትወርዳለች፤ እንዳላማው ይህን ወረቀት ይዞ ወደ አንተ ይቀጥላል። እሷ ብቻዋን አትመልሰውም። እኛም ሁላችን ብንሄድ አንመልሰውም። አንተን ካየ ግን ይነሳል።

ስለዚህ ይህን እንዳነበብክ ተነሥ። ሲያይህ ለምን ዘገየህ ይልህ ይሆናል፤ አትቀየመው። ቀጥሎ «እማማ ወለተ ሰንበት ተሻላቸው?» ይልሃል። ዓይናዲስን በየቀኑ የሚጠይቃት ይህንን ነው፤ እሷም ተሽሏቸዋል እያለች ታሳድረዋለች። አንተ ምን እንደምትመልስለት እኔ አልነግርህም። እናት ያንተ ናቸው። እውነቱን ብትነግረው ግን ምን እንደሚሆን አውቃለሁ፤ ዛሬ እንዳረፉ አድርጎ ያለቅሳል። በማግስቱ ይረሳዋል። አንተ ግን ስትጠብቀው የኖርከውን ለቅሶ በዓይንህ ታያለህ።

እንዳላማው ሞተሩን አስነሥቶ እየጠበቀኝ ነው፤ ዓይናዲስም ከፊት ተቀምጣለች። ገዳሙ፣ ወንድሜ፣ ድረስለት።

ደጋፊያችሁ ወለላ
ደብረ ማርቆስ