ቲጂ «አዎ» ያለችበት ሸክላ

ሐሙስ፣ ጥቅምት 6

ከሥራ ገባሁ። እግሬ አብጧል። ቲጂ ደወለች... ቅዳሜ የድሮ ስቱዲዮ ላሳይሽ አለችኝ። የመጀመሪያዎቹ የሮክ ኤንድ ሮል ዘፋኞች የተቀረጹበት። እኔና ሮክ ኤንድ ሮል ምንና ምን ነን? እህቴ ኦቨርታይም ካለ ፋሲካንም የምትሠራ ሴት ናት። ዛሬ ምን ነካት? እምቢ ብላት፣ «ፒክ አደርግሻለሁ፣ አለቀ» ብላ ዘጋችው። ታላቄ ስለሆነች የቀበሌ ሊቀመንበር የሆነች ይመስላታል።

አባዬ ዛሬም ስልክ አላነሳም። አገር ቤት፣ ደብረ ብርሃን፣ ኔትወርክ የለም አለች ቲጂ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 8

አንድ ክፍል። ግድግዳው ቀዳዳ በቀዳዳ፣ ምንጣፉ ድመት ድመት ይሸታል። አስጎብኚው ማንገቻ ያለው ሱሪ የለበሰ ሽማግሌ። ያኔ ሁሉም አንድ ማይክ ከበው ይዘፍኑ ነበር፣ አንዱ ከተሳሳተ ከመጀመሪያው፣ የተቀረጸ አይፋቅም... እያለ አደነቆረን።

ቲጂ «ቪዲዮ ላንሳሽ» ብላ ስልኬን ወሰደች። ቤት እስክታደርሰኝ አልመለሰችውም። የሰው ስልክ!

ጎብኚም መዝፈን ይችላል፤ እዚያው ሸክላ ላይ ይቀርጹለታል። በንዴት ተነሳሁና አባዬ የሚወዳትን የሠርግ ዘፈን ለቀቅኳት። እስክስታም ጨመርኩበት። ፈረንጆቹ አጨበጨቡ። ቲጂ እንደ እንጨት ቆማለች። መቅረጫው ገና እየዞረ ነው።

«ለአባዬ እልክለታለሁ። ደስ ይለዋል አይደል?»

«አዎ።»

ይኸው ነው። ጭብጨባ እንኳ ነፈገችኝ። ቀናተኛ።

ሰኞ፣ ጥቅምት 10

አባዬ የለም።

ትናንት ጎህ ሲቀድ በሩ ተንኳኳ። የዕድሩ ሰዎች፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው። ከፊት ቲጂ። ሳይናገሩ ገባኝ።

ያረፈው ማክሰኞ ነው። ስዘፍን አፈር ለብሶ ነበር። ሁሉም ያውቁ ነበር! ፌስቡክ ላይ እንዳላይ ነው ስቱዲዮ ወስዳ ስልኬን የያዘችው።

«ብቻሽን እንዳትሰሚ ብለን ነው፣ የሺ... ሰው ተሰብስቦ፣ በወጉ...» አለች ቲጂ።

ወግ? በአባቴ ሬሳ ላይ አስጨፈረችኝ። እህት አትሆነኝም።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 19

ቲጂ ምግብ ይዛ መጣች። አልከፈትኩም። ሸክላውንም ደጄ ላይ ትታው ሄደች። ቁም ሳጥን ውስጥ ወረወርኩት። የእሷ «አዎ» እዚያ ላይ አለ...

ሄርሜላ ደግሞ ደወለች። እናቷ እትዬ ኤልፍነሽ የአባዬ ታላቅ እህት ናቸው። «እማዬ አልተነገራትም። ልቧን ኦፕሬሽን ሆና ገና መውጣቷ ነው። ቲጂም ቆዩ ብላለች።»

ቲጂ ብላለች! የመርዶ አዛዥ ማን አደረጋት? እኔ ሄጄ እነግራቸዋለሁ። ይለይለት።

እሑድ፣ ጥቅምት 30

ፓይን ሌክ፣ እነ ሄርሜላ ቤት ሄድኩ። ሆን ብዬ ጥቁሬን እንደለበስኩ። ሄርሜላ በር ላይ እጄን ያዘች፤ አስለቀቅኳት።

እትዬ ትራስ ተደግፈው ተቀምጠዋል። ከስተው ልጅ አክለዋል።

«ምነው በጥቁር?»

«የሥራ ዩኒፎርም ነው፣ እትዬ።»

ከየት መጣ? እኔ እንጃ።

«ቲጂ ለወንድሜ ዘፈን እንዳስቀረጽሽለት ነገረችኝ። ሰማው? ደስ አለው?»

አንድ እጃቸው ደረታቸው ላይ ነው፣ ስፌቱ ላይ። ለመናገር አፌን ከፈትኩ።

«አዎ» አልኳቸው።

የወጣው የቲጂ ድምፅ ነበር።

ሳቁ። መርቀው መርቀው ሸኙኝ። መኪና ውስጥ ተቀምጬ አለቀስኩ፣ ከዚያ ቲጂ ጋ ደወልኩ። ይቅር አላልኳትም። ግን ሌላ ማን ጋ ይደወላል?

«ነገርሻቸው?»

«አልነገርኳቸውም።»

ማናችንም ስልኩን አልዘጋንም።