ዳናዊት የላከችልዎት ዜማ እንዳይጠፋ

ይድረስ ለምወድዎት አያቴ ለአባባ ኖላዊ፤ ደሴ።

እንዴት ሰነበቱ አባባ? ጉልበትዎ እንዴት ነው? ዓይንዎስ? እንቅልፍ ትንሽ ይወስድዎታል ወይ? እህቴ ዳናዊት ካረፈች ወዲህ እህል እምቢ ብለዋል ሲሉ ሰማሁ። እባክዎ ለእኛ ሲሉ ይቅመሱ። እማዬ ወደ ሥራ ተመልሳለች። እኔም ትምህርት ቤት እሄዳለሁ። አለን ከተባለ አለን።

የሰፈራችን ሰው ወይዘሮ ኂሩት እሑድ ወደ አገር ቤት ስለሚሄዱ ይህን ደብዳቤ በእጅዎ እንዲሰጡልኝ ለምኛቸዋለሁ። የእርስዎን ስልክ ሁልጊዜ የምታነሳው አክስቴ ተናኘወርቅ ናት፤ ለእሷ የነገርኳት ደግሞ ሳይውል ሳያድር እማዬ ጆሮ ይገባል። እማዬ ይህን ብትሰማ አትችለውም። ስለዚህ መነጽርዎን አድርገው ብቻዎን ያንብቡት።

ዳናዊት ስለዚያ ሙዚቃ ደራሲ ሳትነግርዎት አትቀርም። ዩሊየስ ብሬንታ ይባላል፤ ከመቶ ሰባ ዓመት በፊት ቪየና የኖረ ነው። የሀብታም ልጆችን ፒያኖ እያስተማረ፣ እሳት በሌለው ክፍል ሲጽፍ ኖሮ በሠላሳ አንድ ዓመቱ በሳንባ ነቀርሳ ሞተ። ወንድሙ ኖታዎቹን ሰብስቦ ለባለሱቅ ሰጣቸው፤ አይብና ቅቤ ተጠቀለለባቸው። የተረፉት አሥራ አንድ ብቻ ናቸው። ከስድሳ ዓመት በፊት አንድ ሽማግሌ አሥሩን በሸክላ ቀረጻቸው፤ የመጨረሻውን ግን ከበደኝ ብሎ ተወው። ዳናዊት ሸክላውን እዚህ ለንደን፣ ሰቨን ሲስተርስ በሚባል ሰፈር ከአንድ አሮጌ ዕቃ ቤት ካገኘች በኋላ ሌላ ወሬ አልነበራትም። “ይሄ ወንድሙ ግን ምን ዓይነት ደነዝ ነው!” እያለች ትሰድበው ነበር። እኔም አብሬያት እስቅ ነበር።

ያን ማንም ያልቀረጸውን ዜማ፣ ባረፈችበት ሳምንት ማክሰኞ ዕለት፣ ኬኒንግተን አንድ አዳራሽ ውስጥ በፒያኖ ተጫውታ ቀረጸችው።

አርባዋ እንደወጣ እማዬ እንደ ወጉ ልብሷ ለችግረኛ ይሰጥ አለች። አራት ከረጢት ተሸክሜ ዊልስደን ሃይ ሮድ ላይ ላለው፣ የተለገሰ ልብስ ሸጦ ችግረኛ ለሚረዳው ቻሪቲ ሾፕ ያስረከብኩት እኔ ነኝ አባባ። ኪሶቹን ቼክ አላደረግሁም። ልብሱ እሷን እሷን ይሸት ነበር፤ እጄን ብከት መንገድ ላይ የምወድቅ መሰለኝ። በሦስተኛው ቀን የፒያኖ አስተማሪዋ ደወሉ። ቅጂው ያለበትን ሚሞሪ ካርድ አረንጓዴ ካፖርቷ ኪስ ስትከት አይቻለሁ፣ ሌላ ቅጂ የለም፣ አሉኝ። አሁን ያ ደነዝ ወንድም እኔ ነኝ፤ የምትሰድበኝ ግን የለችም።

ሱቁ አምስት ጊዜ ተመላለስኩ። ሻጯ ሴትዮ መጀመሪያ “የኔ ልጅ፣ ግማሹ ለንደን አረንጓዴ ካፖርት ነው የሚለብሰው፤ የትኛውን ልፈልግልህ?” አለችኝ። ነገሩን ስነግራት ደንግጣ መዝገቡን አገላበጠች። ተሽጧል። ማን እንደገዛው አይታወቅም። አሁን አረንጓዴ ካፖርት ባየሁ ቁጥር እከተላለሁ። ባለፈው ከአውቶቡስ ወርጄ አንዷን ብከተላት ፖሊስ እጠራለሁ አለችኝ። የዳናዊትን ስልክ ልክፈት ብዬም ቁጥር ስሞካክር ጭራሽ ቆለፍኩት።

የቀሩኝ እርስዎ ብቻ ነዎት። ያን ማክሰኞ ዜማውን በዋትስአፕ ልካልዎት፣ “ይሄ ፈረንጅ ማን ሞቶበት ነው?” ብለው ሲመልሱላት ቤቱን በሳቅ ሞላችው። ትናንት ግን አክስቴ ለእማዬ ስትነግራት ሰማሁ፤ የልጅቷን ድምፅ እየሰሙ ስለሚያለቅሱ፣ ዳናዊት የላከችልዎትን ሁሉ ሰሞኑን ከስልክዎ ልታጠፋው ነው። ደውዬ አታጥፊው ብላት፣ “አንተ ልጅ ነህ፤ አባባ በእንባ ሲያልቁ አላየህም” ብላ ዘጋችብኝ። ምክንያቱን ልነግራት አልቻልኩም። አባባ፣ እግርዎ ላይ ወድቄ እለምንዎታለሁ፤ ስልክዎን ለማንም አይስጡ። ወይዘሮ ኂሩት ዜማውን ወደ ራሳቸው ስልክ ይገለብጡልኛል።

ጠፍቶ ከሆነም አይደብቁኝ። እርስዎ ደጋግመው ሰምተውታል። ጆሮዎ ላይ የቀረውን፣ ትንሽም ብትሆን፣ ለወይዘሮ ኂሩት ስልክ ያንጎራጉሩልኝ። ቢሳሳቱም ግድ የለም፤ የሚያርምዎት የለም። እኔ አንድ ጊዜም አልሰማሁትም። “ና ስማው” ብላ ስትጠራኝ ጌም ላይ ነበርኩ፤ ቆይ አልኳት።

ለአክስቴ ለተናኘወርቅ፣ ለልጇ ለፋና፣ ለጎረቤታችሁ ለእማማ እታለማሁ ሰላምታዬን ያድርሱልኝ። እግዚአብሔር ያጽናዎት።

የልጅ ልጅዎ ክብሮም
ለንደን፣ ዊልስደን
ኅዳር 12 ቀን 2018 ዓ.ም.