አንተ ብቻ የምትሰርዘው መልእክት

ጅግጅጋ፣ ግንቦት 2010 ዓ.ም.

ውድ ዩኒስ፣

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር እንድትረዳልኝ እፈልጋለሁ፤ ይህን የምጽፍልህ ከማኅበርተኞቻችን ጋር ላስታርቅህ አይደለም። በነፃ በምንሠራው የሶማልኛና የአማርኛ መዝገበ ቃላት ላይ ቢሻሮ በሚል የብዕር ስም የምትጽፈው ልጅ እውነተኛ ስሟና የሥራ ቦታዋ ማንም በሚያየው የውይይት ገጻችን ላይ ወጥቷል። ሊሰርዘው የሚችል ሰው አንተ ብቻ ነህ። ስሟን እኔም እዚህ አልደግመውም፤ ታውቃታለህ።

ስልክህን አታነሳም። ብታነሳም ይህን በስልክ ለመናገር እፈራለሁ። ስለዚህ የአውበሬውን ሚኒባስ የሚነዳው ባሬ በእጅህ እንዲሰጥህ አደራ ብዬዋለሁ። ብቻህን ሆነህ አንብበው፤ ከዚያ ቅደደው።

አንተ ተቀይመህ ከወጣህ በኋላ ኤልሚና ነቢዩ የቃል መፈለጊያው ሳጥን ስልኩ ላይ የት ይቀመጥ በሚለው ተያያዙ። ኤልሚ ከላይ ይሁን አለ፣ ነቢዩ ከታች። እንደ ደንባችን ድምፅ ተሰጠበት፤ ከላይ የሚሉት በአንድ ድምፅ በለጡ። ነቢዩን ታውቀዋለህ፤ ኮዱን ከመነሻው የጻፈው እሱ ስለሆነ ሽንፈት አይዋጥለትም። ኤልሚም ዝም አይልም። «ዋሪያ፣ አውራ ጣትህ አጭር ከሆነ ስልክህን ቀይር እንጂ ፕሮግራሙን አትቀይር» ብሎ ጻፈበት። ሰዉ ሳቀ። ነቢዩ ወዲያው እንዲህ ሲል መለሰ፦ «ቢሻሮ የምትባል ሰው የለችም። የኤልሚ የአጎት ልጅ ናት፤ ደገሀቡር መድኃኒት ቤት የምትሠራዋ እገሊት። የዘመድ ድምፅ አይቆጠርም።» እገሊት ያልኩት እኔ ነኝ። እሱ ሙሉ ስሟን ከነአባቷ ነው የጻፈው።

ለአንድ ሳጥን ብሎ!

የጻፈቻቸውን ምሳሌዎች አንተ ራስህ ነህ ያጸደቅካቸው። «መጠበቅ» በሚለው ቃል ሥር፣ «እናቴ በየሳምንቱ እስር ቤቱ በር ላይ ትጠብቃለች፤ ወንድሜን ግን አያሳዩአትም» ይላል። «ማንኳኳት» በሚለው ሥር ደግሞ፣ «ወንድሜን ከወሰዱት ወዲህ ጎረቤት እንኳ በራችንን አያንኳኳም።» ከመካከላችን እንዲህ የሚጽፍ ሌላ ሰው የለም፤ እኔ የምጽፈው ስለ ግመልና ስለ ዝናብ ነው። ፕሮግራሙ ደግሞ ከእያንዳንዱ ዐረፍተ ነገር ጎን ጸሐፊውን ያሳያል። እስከ አሁን የሚያሳየው ቢሻሮ የሚለውን ብቻ ነበር። አሁን የፈለገ ሰው ሁለቱን ገጾች ከፍቶ ማገናኘት ይችላል።

ሳያገናኙትም አልቀሩም። ትናንት ልጅቷ ደወለችልኝ። እሷም እንደ ሌሎቻችሁ መምህር ለማለት መዓሊን ነው የምትለኝ።

«መዓሊን፣ ደህና ዋሉ? ስለዚያ መድኃኒትዎ ነበር» አለችኝ። መድኃኒት አላዘዝኳትም፤ ስለሌላ ነገር እንደምታወራ ገባኝ።

«ምን ሆነ፣ ልጄ?»

«ሁለት ሰዎች መጥተው ጠየቁበት። መጀመሪያ የራስ ምታት ክኒን ገዙ። ከዚያ አንደኛው፣ ‹ቢሻሮ እዚህ ነው የምትሠራው?› አለኝ።»

«ምን አልሽው?»

«በዚህ ስም የሚጠራ ሠራተኛ የለንም አልኩት። ሳቀና ‹እንመለሳለን› አለ።»

«መድኃኒቱን ሁሉ ላስወግደው?» አልኳት።

«አይ፣ መዓሊን። መድኃኒቱ ይቆይ። ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን ስም ብቻ ይላጡልኝ።»

ወዲያው ነቢዩ ቤት ሄድኩ። ፊቱ አመድ መስሏል። «ጋሼ ሀብተየስ፣ እኔ እኮ ስለ ሳጥኑ ነው የተናገርኩት!» ይላል ደጋግሞ። ሊሰርዘው ሞክሮ አልቻለም። ምክንያቱን ታስታውሳለህ። ኤልሚ አንድ ጊዜ ስድቡን ሰርዞ «መች አልኩ?» ብሎ ከካደ ወዲህ፣ ማንም የላከውን መልእክት መልሶ እንዳይነካ ገጹን ዘጋኸው። ሁላችንም ደግፈንህ ነበር። የአስተዳዳሪው የይለፍ ቃል ግን አንተ ጋ ብቻ ቀረ።

ነገሩን ገጹ ላይ ባነሳው ያላየውም ያየዋል ብዬ ለነባሮቹ ለየብቻቸው ጻፍኩላቸው። ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? ደሃቦ፣ «መሰረዝ ደንብ መጣስ ስለሆነ ድምፅ ይሰጥበት» አለች። ኤልሚ፣ የገዛ አጎቱ ልጅ ሆና፣ «የነቢዩ መልእክት ከተሰረዘ በሳጥኑ ላይ የሰጠው ድምፅም አብሮ ይሰረዝ» አለ። አርባ ዓመት ገደማ ሳስተምር ብዙ ግትር ተማሪ አይቻለሁ፤ እንዲህ ያለ ግን አልገጠመኝም። «ሱልጣናችን» እያሉ ሲያሾፉብህ ምን ያህል ተከፍተህ ጥለኸን እንደወጣህ የገባኝ አሁን ነው። እሱን በኋላ እንነጋገርበታለን።

ዛሬ ጠዋት ለቢሻሮ ደወልኩላት። ስልኳ ዝግ ነው። መድኃኒት ቤቱ ስደውል ድምፁን የማላውቀው ወንድ አነሳና፣ «ማን ልበል?» አለኝ። ዘጋሁበት። ከዚያ ወዲህ መኪና ደጃፌ ላይ በቆመ ቁጥር አዳምጣለሁ።

መሰረዙ ሁሉን እንደማያድን አውቃለሁ። ሥራችን ለማንም ክፍት ስለሆነ ቀድሞ የገለበጠ ሊኖር ይችላል። ገና ያላየው ሰው ግን እንዳያየው ማድረግ እንችላለን። መጀመሪያ የነቢዩን መልእክት ሰርዝ። ቀጥለህ ቢሻሮ የሚለውን ከእያንዳንዱ ዐረፍተ ነገር ጎን አንሳ። ዐረፍተ ነገሮቹን አትንካ። እኔ ብሆን በፍርሃቴ ሁሉንም አጠፋቸው ነበር፤ የጻፈቻቸው ግን እሷ ናት፣ ይቆዩ ያለችውም እሷ ናት።

ባሬ ከአውበሬ እስኪመለስ መናኸሪያው በር ላይ ቆሜ እጠብቀዋለሁ። ረጅም ነገር እንድትጽፍልኝ አልፈልግም። ከሰረዝከው ሰርዣለሁ በለኝ፤ ካልቻልክም ሌላ መላ እንድፈልግ እንዳልቻልክ ንገረኝ። እባክህ ልጄ፣ ዛሬውኑ መልስልኝ።

መምህርህ ሀብተየስ