ኤልስፔት ላይ ስለ መቀመጥ

ለክቡር አቶ ማልኮም ታርቪት
የኪንላደር ከተማ የቅርስ ጥበቃ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ግልባጭ፦ ይህን ጋዜጣ ለሚያነብ ሁሉ፣ ዓሣ ለሚጠቀልልበትም ጭምር

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የክቡርነትዎን ጤንነት እጠይቃለሁ፤ ወገብዎ፣ ጉልበትዎ፣ ይልቁንም ከሁሉ በላይ ሥራ የሚበዛበት መቀመጫዎ እንደምን ከርመዋል? እኔ ሰማንያ ስድስት ዓመቴን ተሸክሜ፣ ከባሕር በሚነሳው ነፋስ እየተገፋሁም ቢሆን አለሁ፤ ለዚህም በወደቡ ዳር መቀመጫ የሠራልኝን መሥሪያ ቤትዎን ሳላመሰግን ባልፍ ነውር ይሆንብኛል። ስለ መቀመጫው ወደ በኋላ እመለስበታለሁ።

ጉዳዩ አጭር ነው፤ የሚያስረዝመው የእኔ ዕድሜ ነው። በራሷ ጀልባ ሸርጣን የምታጠምደው የልጅ ልጄ ካትሪዮና ከአሥራ ሁለት ቀን በፊት ሴት ልጅ ወልዳለች። እንደ አገራችን ልማድ ለሕፃኗ በመካከለኛ ስምነት ከቀደሙት እናቶቻችን የአንዷን የአባት ቤት ስም ልትሰጣት ፈልጋ፣ ኤልስፔትን መረጠች። ኤልስፔት የአያቴ ቅድመ አያት የአንድሩ ጌዲስ ሚስት ነበረች፤ ባሏ ለዓሣ ሲወጣ እግሩ ሳይርስ ጀልባው ላይ እንዲሳፈር፣ እንደ መንደራችን ሴቶች ሁሉ፣ በጀርባዋ አዝላው ወገብ በሚደርስ ውሃ ውስጥ ትሄድ ነበር። ታዲያ ከአባቷ ቤት ይዛው የመጣችው ስም ምን እንደነበር የሚያውቅ ጠፋ። እኔም ለካትሪዮና «የጌዲስ ስም ምን አነሰሽ?» ብላት፣ «አያቴ፣ እሱ የታዘለው ሰውዬ ስም ነው፤ እኔ የምፈልገው ያዘለችውን ነው» አለችኝ። ሕፃን በተወለደ በሃያ አንድ ቀን ውስጥ መመዝገብ እንዳለበት ክቡርነትዎ ያውቃሉ። ዘጠኝ ቀን ቀርቶናል።

በመሆኑም ምስጋናዎቼን በቁጥር ለይቼ በትሕትና አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ በመቃብር ካረፈ ሁለት መቶ ዓመት ሊሞላው ጥቂት የቀረውን፣ ነገር ግን የመሥሪያ ቤትዎ የመንፈስ አባት አድርጌ የምቆጥረውን የደብራችንን ጸሐፊ አመሰግናለሁ። ኤልስፔት ሰባት ልጅ ስታስጠምቅ ሰባት ጊዜ «አንድሩ ጌዲስና ሚስቱ ኤልስፔት» ብሎ ጻፈ፤ በስምንተኛው ስትሞትም «የአንድሩ ጌዲስ ሚስት» ብሎ ቀበራት። የጋብቻዋን ገጽ ደግሞ እርጥበት በልቶታል። ይኸው ጸሐፊ የቄሱ ላም በጠፋች ጊዜ ግን ቀለሟን፣ የቀንዷን ቅርጽና የእናቷን ስም ሳይቀር በመዝገቡ ላይ አስፍሯል። ኤልስፔት ላም ሆና ብትወለድ ኖሮ ዛሬ ክቡርነትዎን ባላስቸገርኩ።

ሁለተኛ፤ በመሥሪያ ቤትዎ መስኮት ላይ ያገኘኋትን ትሑት ልጅ አመሰግናለሁ። የጠፋ የአባት ቤት ስም ፍለጋ መምጣቴን ብነግራት ቅጽ ሰጠችኝ፤ የቅጹም ተራ ቁጥር አንድ የሟቿን የአባት ቤት ስም እንድሞላ ያዝዛል። «ልጄ፣ ይህን ባውቀውማ ምን ላደርግ እመጣ ነበር?» ብላት፣ «አባባ፣ ስሟን ካልነገሩን እንዴት አድርገን እንፈልግልዎ?» አለችኝ። «ባዶ ልተወው?» ብላት፣ «ባዶ ከሆነ ኮምፒውተሩ አይቀበልም» አለችኝ። በመጨረሻ አዝናልኝ «ያልታወቀ» ብላ ሞላችልኝና በሃያ ስምንት የሥራ ቀን ውስጥ መልስ እንደሚሰጠኝ አበሰረችኝ። መልሱም ከቀኑ ቀድሞ ደረሰ፤ «ያልታወቀ» የሚባል ቤተሰብ በኪንላደር ኖሮ እንደማያውቅ በማኅተም ተረጋግጦልኛል። በዚህ ዕድሜዬ አዲስ ነገር በመማሬ ደስ ብሎኛል።

ሦስተኛው ምስጋናዬ ክቡርነትዎን በግል ስለሚመለከት እባክዎ በደንብ ተደላድለው ይቀመጡ።

የእኔ አባቶች ሲጋቡ የባልና የሚስት ስም መጀመሪያ ፊደላትን ከነዓመቱ በአዲሱ ቤታቸው በር ጉበን ላይ ያስቀርጹ ነበር፤ ሚስትም የምትቀረጸው በአባቷ ቤት ስም ነበር። ጸሐፊው የዘለላትን ግንበኛው አይዘላትም ማለት ነው። የአንድሩና የኤልስፔት ጉበን በባሕር ዳር መንገድ በነበረው ቤታችን ላይ ነበር፤ እኔ ልጅ ሆኜ ግን በየፀደዩ ኖራ እየተቀባ ከእብጠት በቀር አይታይበትም ነበር። ቤቱ ለመኪና ማቆሚያ ሲፈርስ መሥሪያ ቤትዎ ጉበኑን «አዳነው»። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዲሉ፣ አድኖም፣ ኖራውን ፍቆ በወደቡ ዳር አግዳሚ ወንበር አደረገው። የተቀረጸው ፊት የጎብኚ ሱሪ እንዳይቀድ ወደ ታች ተደፋ፤ ለስላሳው ጀርባ ወደ ላይ ሆነ፤ አጠገቡም «ታሪካችን ላይ አረፍ ይበሉ» የሚል የነሐስ ሰሌዳ ተተከለ። በምረቃው ዕለት ክቡርነትዎ ከጀልባ ሠሪው ከዴቪድ ታርቪት ሰባተኛ ትውልድ መሆንዎን ለግማሽ ሰዓት ካስረዱን በኋላ መጀመሪያ የተቀመጡበት እርስዎ ነበሩ፤ ፎቶግራፉም በዚሁ ጋዜጣ ወጥቷል። ያማረ ፎቶግራፍ ነበር።

እኔም ባለፈው ማክሰኞ መስተዋት ይዤ ከወንበሩ ሥር በጀርባዬ ተንጋለልኩ። አንዲት መንገደኛ ሴት ደንግጣ «አባባ፣ ወድቀው ነው?» ብትለኝ፣ «አይ እመቤት፣ እያነበብኩ ነው» አልኳት፤ አምቡላንስ ጠራችልኝ። እስኪመጣ ድረስ የአንድሩን ፊደላትና 1791 የሚለውን ዓመት አጥርቼ አነበብኩ። የኤልስፔት ወገን ያለው በቀኙ ምሰሶ ሲሚንቶ ውስጥ ነው። በሕይወቷ ባሏን፣ ከሞተች በኋላ ደግሞ ጎብኚን ተሸክማለች፤ ስሟን ግን ሁለቱም ጊዜ ሸፈኑት።

አራተኛ ምስጋና የለኝም። ትንፋሽም ያጥረኛል።

የምለምነው ብዙ አይደለም፤ አንዲት ፊደል ናት። በዘመኑ በክርስትና መዝገባችን ላይ ለጋብቻ የደረሱ ሦስት ኤልስፔቶች አሉ፤ የባሕር ውሃ እያፈላ ጨው የሚያወጣው የስማል ልጅ፣ የሸማኔው የደዋር ልጅ፣ ይቅርታዎን እየጠየቅሁ፣ የጀልባ ሠሪው የታርቪት ልጅ። ድንጋዩ ለግማሽ ቀን ቢገለበጥ አንዷ ፊደል ሦስቱን ትለያቸዋለች፤ ካልሆነ ግን የካትሪዮና ልጅ በዘጠኝ ቀን ውስጥ ያለ ተሸካሚዋ ስም ትመዘገባለች፤ እኔም እስከዚያኛው ሃያ ስምንት የሥራ ቀን የምቆይ አይመስለኝም።

የክቡርነትዎን ምቾት ለአፍታ እንኳ ለማወክ ከቶ የማይሻ፣ በተቀመጡበት ሁሉ ከሥርዎ ሆኖ በአክብሮት ቀና ብሎ የሚመለከትዎ፣

ሄክተር ጌዲስ
ጡረተኛ መረብ ጠጋኝ

የተረሳ ነገር፦ ይህን ደብዳቤ ለጋዜጣው ላደርስ ስወጣ ግንበኛውን ሽማግሌ ኒንያንን እዚያው አግዳሚ ላይ ፓይፑን እየሞላ አገኘሁት። ድንጋዩን የተከለው እሱ ነው። ብሶቴን ስነግረው ሳቀብኝና፣ «አንተ ሄክተር፣ እኔን ብትጠይቀኝ ምን ነበረበት? ድንጋይ በፊቱ ሲደፋ ማየት ስለማልወድ፣ ሲሚንቶ ከማፍሰሴ በፊት ወረቀት አልብሼ በከሰል እያሻሸሁ ፊደሎቹን ቀድቻቸዋለሁ» አለኝ። «ለጽሕፈት ቤቱ አልሰጠህም እንዴ?» ብለው፣ «ቅጽ ሙላ አሉኝ» አለ። ከቤቱ አመጣልኝ፤ የሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት ነው። ከ1791 ቀጥሎ ኤ. ታ. ይላል።

ደብዳቤውን ሳላደርስ ወደ ቤት ተመለስኩ፤ ሕፃኗም ሐሙስ ዕለት ኤልስፔት ታርቪት ጌዲስ ተብላ ተመዝግባለች። ካትሪዮና «አያቴ፣ ዘመድህን እንኳን ደስ ያለህ በልልኝ» ብላለች። እንግዲህ ዘመዳሞች ከሆንን፣ እኔም በዕድሜ ታላቅ ከሆንኩ፣ ክቡርነትዎን እዚህ ላይ አስቀምጬ አንተ ልልህ ነው። ማልኮም፣ ልጄ፣ በአደባባይ የተቀመጥክባት የዴቪድ ታርቪት ልጅ፣ የገዛ ቤትህ ሴት ናት። ተነስና ገልብጣት።