ቀሪ የሌለበት መዝገብ

ኅዳር 4 ቀን 1965፣ ሰኞ

ጠመኔ አለቀ። የቀረችውን ቁራጭ ለሦስት ሰብሬ ለሳምንት ላደርሳት ነው።

ሰቆጣ ላለው የትምህርት መሥሪያ ቤት የደመወዝ ጭማሪ ማመልከቻ ጻፍኩ። አራተኛዬ ነው። ስድስት ዓመት በአንድ ደመወዝ! ታይቱ ከትከሻዬ በላይ አይታ ሳቀች። «አንተ ይግዛው፣ ለእኔ ለሚስትህ እንኳ እንዲህ አሳምረህ ጽፈህ አታውቅም» አለችኝ። ይሁን፣ ትሳቅ። ግን ሦስተኛ ወሯን ይዛለች... የሚወለደውን በምን ልናሳድገው ነው?

ስም ስጠራ አርባ አንድ «አቤት» ሰማሁ። አንድ ክፍል፣ አንድ አስተማሪ፣ አርባ አንድ ልጅ። ማንጠግቦሽ እንደ ልማዷ ጣሪያ እስኪነቀል ጮኸች። ይቺ ልጅ አምና ስትመጣ ከአገውኛ በቀር አንዲት ቃል አታውቅም ነበር። ዘንድሮ የእኔን አማርኛ ታርምልኛለች! አይ ልጅ።

ኅዳር 25፣ ሰኞ

ገብሱ ፍሬ ሳይዝ ደረቀ። እዚህ በወረዳችን በደሃና ሰው ቤቱን እየዘጋ መሄድ ጀምሯል። ዛሬ ሃያ ዘጠኝ ልጅ ብቻ ነው የመጣው።

የማንጠግቦሽ አባት ጋሽ ዋሴ ገና በጠዋት መጡ። በሬዎቻቸውን ሸጠው በልተዋል። ሰው ቆቦ የቀን ሥራ አለ ብሏቸው፣ ቤተሰቡን ይዘው ሊወርዱ ነው። ልጅቱ ከኋላቸው ቆማለች፤ ደብተሯን በነጠላዋ ጠቅልላ።

«አስተማሪ፣ ስሟን አይፋቁት» አሉኝ።

«ጋሽ ዋሴ፣ ደንብ ነው። ሠላሳ ቀን የቀረ ይሰረዛል። ከተሰረዘ ደግሞ መመለሻ የለውም።»

«እንግዲያው እየጠሩ ያቆዩልኝ። ጠዋት ጠዋት ስሟ ከተጠራ ከአገር አልወጣንም ማለት ነው። ክረምት ሲገባ እንመለሳለን።»

እሺ አልኩ። ማንጠግቦሽ አጠገቧ ወደምትቀመጠው ወደ ወለተ ገብርኤል ዞራ፣ «እኔን ሲጠሩ አንቺ አቤት በይልኝ» አለቻት፣ በአገውኛ። ከዚያ ሄዱ።

ታኅሣሥ 25፣ ረቡዕ

ሠላሳ ቀን ሞላት። አልሰረዝኳትም። ከሄደች ጀምሮ በስሟ ፊት በየቀኑ ራይት አደርጋለሁ። ለእሷ ካደረግኩ ሌሎቹ ምን በደሉኝ? ለሄዱት ሁሉ አደረግኩ። ዛሬ ፊቴ የተቀመጡት አሥራ ዘጠኝ ናቸው፤ መዝገቡ ላይ አርባ አንድ።

ውሸት ነው? ቦታቸውን መጠበቄ እንጂ... ሲመለሱ ማን ይቀበላቸዋል?

ወለተ ገብርኤል በየጠዋቱ ሁለት ጊዜ «አቤት» ትላለች። አንዴ በራሷ ድምፅ፣ አንዴ እንደ ማንጠግቦሽ እየጮኸች። መጀመሪያ ሰሞን ልጆቹ ይስቁ ነበር። አሁን አይስቁም።

ጥር 7፣ ሰኞ

ሥላሴ። ትምህርት የለም። እኔም ከቤተ ክርስቲያን መመለሴ ነበር፣ ኢንስፔክተሩ አቶ አስማረ በበቅሎ ከች አለ። በዓሉን ረስቶት! ባዶውን ክፍል አየና፣ «በል መዝገቡን አምጣ፣ ለከንቱማ አልመጣሁም» አለ።

ገለጠ፣ ገለጠ። ያየውን በወረቀት ገለበጠ።

«አርባ አንድ! አንድም ቀሪ የለም? ሌላው አስተማሪ ሁሉ ልጆቹ በረሃብ አለቁ፣ ተሰደዱ እያለ ያለቅስብኛል። ደሃና ተራበ የሚሉት የት ያለውን ደሃና ነው?»

ልነግረው አፌን ከፈትኩ። እውነቴን ነው፣ ከፍቼ ነበር።

«ያ ማመልከቻህ እኔ ዘንድ ነው። ዘንድሮ አይቀርልህም» አለኝ።

አፌን ዘጋሁ። ጭራሽ እርካቡን ይዤ በቅሎው ላይ አወጣሁት። «መንገዱን ጨርቅ ያድርግልዎ» አልኩት ደግሞ። ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

የካቲት 21፣ ረቡዕ

ጭማሪው መጣ። ማኅተም ያለበት ደብዳቤ። «የተማሪዎችን ቁጥር ሳያጓድሉ በመያዝዎ» ይላል። ታይቱ እልል አለች። ጎረቤት እንዳይሰማ አፏን ልይዝ ምንም አልቀረኝ።

«ምነው? ስድስት ዓመት ሙሉ የጠበቅከው አይደለም? እስቲ አንድ ቀን እንኳ ደስ ይበልህ!»

ደስ ሊለኝ ሞከርኩ። ሁለቴ አነበብኩት። ለልጁ መታቀፊያ፣ ለታይቱ ጫማ አሰብኩ። ገንዘብ አልጠላም፣ ምን አስጠላኝ? ግን ያቺ «ሳያጓድሉ» የምትለው ቃል ላይ ስደርስ ዓይኔ ይዘላታል።

የካቲት 24፣ ቅዳሜ

የአጥቢያችን ጭቃ ሹም አቶ ደጅይጥኑ ከሰቆጣ ተመለሰ። ከሽማግሌዎች ጋር የእህል እርዳታ ሊለምንልን ነበር የሄደው። ባዶ እጁን መጣ።

«ምን አሏችሁ?»

«የተራበ ልጅ ይማራል ወይ አሉን። ከመዝገብ የተገለበጠ ወረቀት አውጥተው አሳዩን።» መሬት መሬት አየ። «የእርስዎ መዝገብ ነው፣ አስተማሪ።»

አልተቆጣኝም። ቢሰድበኝ ምናለ! «ለክፋት እንዳልሆነ እናውቃለን» ብሎኝ ሄደ።

ለታይቱ ነገርኳት። «ታዲያ ጭማሪውን ብትመልስ እህሉ ይመጣል? ከሰው አፍ ነጥቀህ አልበላህ!» አለች። ለእኔ ግን የነጠቅኩ ይመስለኛል።

መጋቢት 17፣ ሰኞ

ጋሽ ዋሴ መጡ። ብቻቸውን።

ስም እየጠራሁ ነበር። በሩ ላይ መቆማቸውን አላየሁም። «ማንጠግቦሽ ዋሴ» አልኩ። «አቤት!» አለች ወለተ ገብርኤል፣ በዚያው ጩኸት። ቀና ስል ጋሽ ዋሴ በሩን ተደግፈዋል። ልጆቹን ወደ ውጭ አስወጣሁ።

«በየቀኑ ይጠሯት ኖሯል?»

«በየቀኑ።»

ገብተው ልጃቸው ትቀመጥበት የነበረው ቦታ ተቀመጡ።

«ቃልዎን ጠብቀዋል። እግዜር ይስጥልኝ። ከእንግዲህስ ይተዉት።»

የት እንደቀረች ለመጠየቅ ድፍረት አላገኘሁም። ራሳቸው ነገሩኝ። ቆቦ ሳይደርሱ፣ መንገድ ላይ ታማባቸው ሰንብታ፣ በታኅሣሥ ገብርኤል ማግስት። እናቷም ሳምንት አልቆየች። ደብተሯን ከብብታቸው አውጥተው ሰጡኝ።

ከሞተች በኋላ፣ በታኅሣሥ 25 ቀንም ራይት አድርጌላታለሁ። አስማረ «አርባ አንድ!» ሲል እሷ አፈር ለብሳ ነበር። እኔ በሞተች ልጅ ደመወዝ ተጨመረልኝ።

መሬት ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። እሳቸው ናቸው ያባበሉኝ። እኔን! ልጅ የቀበሩት እሳቸው ሆነው!

መጋቢት 25፣ ማክሰኞ፣ ሰቆጣ

ሳምንቱን ቤት ለቤት ዞሬ ዝርዝሩን ሠራሁ። ማን እንደሞተ፣ ማን እንደተሰደደ፣ በስም በስም። ታይቱ ስወጣ ቻው እንኳ አላለችኝም። በእግሬ መጣሁ። ዝርዝሩን አስማረ ጠረጴዛ ላይ ከጭማሪው ደብዳቤ ጋር አስቀመጥኩለት።

«አብደሃል? የሰጡህን ተቀብለህ አርፈህ አትቀመጥም?» አለ አስማረ።

«ጭማሪው ይመለስ። ይኼ ይነበብ።»

«የሐሰት መዝገብ ያዘ ብለው ቢያባርሩህስ?»

«ይዣለሁ እኮ።»

ወረቀቱን አነሳ። ሲያነብ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረብኝ። «አስቀምጠው» ብቻ አለኝ። ለበላዮቹ ያሳየው ይሆን? መሳቢያው ውስጥ ይቀር ይሆን? አላውቅም።

ሚያዝያ 8፣ ሰኞ

ደመወዜ የድሮው ሆነ፤ ማስጠንቀቂያ ተመርቆበታል። እህል እስከ ዛሬ አልመጣም። መዝገቤ ያዘገየው ስንት ቀን እንደሆነ፣ በዚያ ስንት ቀን ውስጥ ማን እንደሞተ... ይህን ማሰብ ማቆም አልቻልኩም።

ታይቱ አኩርፋኝ ሰነበተች። ትናንት የማንጠግቦሽን ደብተር ከጠረጴዛዬ ላይ አንስታ ገለጠችው። ከዚያ ሳጥኗን ከፍታ ከሠርግ ቀሚሷ ሥር አስቀመጠችው። ምሳ አብረን በላን።

ዛሬ አዲስ መዝገብ አሰመርኩ። አሥራ አንድ ስም ነው። ጠዋት ጠራሁ። የማንጠግቦሽ ስም የነበረበት ተራ ላይ ስደርስ ትንሽ ቆም አልኩና የሚቀጥለውን ልጠራ ስል፣ ወለተ ገብርኤል «አቤት!» አለች። በማንጠግቦሽ ጩኸት። ማንም ሳይጠራ።

ወዲያው አፏን በእጇ ያዘች። ልጆቹ ሁሉ እኔን አዩኝ።

«አይዞሽ ልጄ፣ ተቀመጪ» አልኳት። የቀሩትን ስሞች ሳልጠራ መዝገቡን ዘጋሁት።