የተሬፋን ነገር ከእኔ ስሚው

ለውድ እህቴ ለእትዬ ብርቅነሽ፤

እንደምን ሰንብተሻል? ጤናሽ፣ ጉልበትሽ፣ ያ የሚይዝሽ የወገብ ሕመም እንዴት ነው? የቤይሩት ሙቀትስ በረደልሽ ወይ? አሠሪዎችሽ በሰላም ይዘውሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሁላችንም በሕይወት አለን። ይህን ያልኩሽ ለወጉ ያህል አይደለም።

ደብዳቤውን የጌዶዋ ጓደኛሽ ምኞት ወደዚያ ስትመለስ በእጇ ታደርስልሻለች። በስልክ ያልነገርኩሽ፣ ስትደውዪ ተሬፋ አጠገቤ ቁጭ ብሎ በዓይኑ ስለሚያስጠነቅቀኝ ነው። ባልሽ ደብቆሻል። አስቀድመሽ ግን ልብሽን አሳርፊ፤ ተርፏል።

እንደምታውቂው እኔና እሱ የምንሠራው ፍሳሽ የገባባቸውን ቤቶች ማጽዳት ነው። ዘንድሮ ክረምቱ በርትቶ ሥራው በዝቶብናል። ባለፈው ወር አንድ ቀን ጠዋት ኦቦ ሂርጳ እየሮጡ መጡና የጎረቤታቸው የእማማ ፈትለወርቅ ቤት በፍሳሽ ተሞላ አሉን። እማማ እግራቸውን ካመማቸው ወዲህ ከአልጋ አይወርዱም። ስንደርስ ከመጸዳጃ ቤቱ የገነፈለው ጥቁር ውኃ ሳሎኑን አልፎ፣ የአልጋቸውን እግር ውጦ ፍራሹ ሥር ደርሷል። እሳቸው መቁጠሪያቸውን ይዘው ግድግዳ ግድግዳውን ያያሉ። እኔ መብራቱን ከቆጣሪው አጠፋሁ፤ ተሬፋ እሳቸውን አዝሎ አወጣቸው። ጀርባው ላይ ሆነው ልጄ አቆሸሽኩህ ሲሉት፣ ኧረ እማማ፣ እኔ ነኝ ያቆሸሽኩዎት ብሎ አሳቃቸው።

በፓምፕ ብንቀዳው ብንቀዳው አልጎድል አለ። ጓሮ ያለው የፍሳሽ ጉድጓድ መውጫው ተደፍኖ ወደ ቤት ይመልሰዋል። የመምጠጫው መኪና መንገድ ላይ ጭቃ ይዞታል ተባለ። ከግቢው ዝቅ ብሎ ደግሞ ሰፈሩ የሚጠጣው የውኃ ጉድጓድ አለ፤ ፍሳሹ ወደዚያ መውረድ ጀምሯል። ተሬፋ ይህን ሲያይ ክዳኑን አነሣና ጨርቅ ነው የደፈነው፣ ይታየኛል፣ መሰላል አምጡ አለ። እንዳይገባ ለመንኩት። እዚያ ውስጥ የሚጠራቀመው አየር ሰው እንደሚገድል ሁለታችንም እናውቃለን። እስከ ወገቤ ብቻ ነው የምወርደው፣ አለኝ። እንቢ ሲለኝ በግድ ብብቱ ሥር ገመድ አሰርኩበትና ጫፉን እጄ ላይ ጠመጠምኩት።

ወገቤ ያለው ቀረና ወደ ታች ወረደ። ጨርቁን ሲመነጭቀው ውኃው ተናወጠ። ቀና ብሎ አየኝ፤ ሊናገር አፉን ከፈተ፣ ድምፅ ግን አልወጣውም። ከዚያ እጁ መሰላሉን ለቀቀ።

እትዬ፣ ገመዱ መዳፌን ላጠው። ብስበው ትከሻው ከጉድጓዱ አፍ ሥር ተቀረቀረ። ሰው ተሰበሰበ። አንድ ጎረቤት ጫማውን አውልቆ ሊገባ ሲል በአንድ እጄ መሰላሉን መንጭቄ አወጣሁበት። ሰዉ ጮኸብኝ። አንዲት ሴት የእህቱን ባል ቆሞ ሊያስገድል ነው ስትል በጆሮዬ ሰማሁ። ውስጤማ ግባ ግባ ይለኝ ነበር። የገባ ሁሉ ግን እዚያው ይቀራል። ነገሩን የተረዱልኝ ኦቦ ሂርጳ ነበሩ፤ ከኋላዬ ገመዱን ይዘው «ሀርኪሳ፣ ሀርኪሳ፣ ሳቡ» እያሉ ሌላውን አስተባበሩ፤ ሁላችንም በአንድ ላይ ጎተትን። ሲወጣ ፊቱ ጠቁሮ ነበር፣ አይተነፍስም። አፉን ጠርጌ ደረቱን ተጫንኩት፤ እኔ ሲደክመኝ ኦቦ ሂርጳ ተቀበሉኝ። በስንት መከራ አስታወከና አየር ሳበ። እዚያው ጭቃው ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ።

ሆስፒታል ኦክስጅን ተደርጎለት በማግሥቱ ነቃ። መጀመሪያ የጠየቀኝ ስለ እማማ ቤት ነው። ቤቱን ከሰፈሩ ልጆች ጋር አጸዳነው፤ ደለሉን ዝቀን፣ ፍራሹን አቃጥለን፣ ወለሉንና ግድግዳውን በበረኪና አጥበን፣ ሲደርቅ አስገባናቸው።

አሁን የሚያስጨንቀኝ ሌላ ነው። ተሬፋ ጥቂት ከሄደ ትንፋሽ ያጥረዋል፣ ሳሉም አልለቀቀውም። ሐኪሙ አዲስ አበባ ሄዶ ሳንባውን እንዲታይ ጽፎለታል። እሱ ግን ብርቅነሽ ከሰማች ሥራዋን ጥላ ትመጣለች ብሎ እንቢ አለ፤ ጭራሽ ወደ ሥራ ልመለስ ይላል። እማዬ ለመነችው፣ እኔም ተቆጣሁት፤ የሚሰማው አንቺን ብቻ ነው። ስትደውዪ ደህና ነኝ ይልሻል፤ ቃሉን ትተሽ ትንፋሹን አድምጪ። ነይ ብዬ አልጠራሽም፤ ሂድና ታይ በይው። እኔን ሚልኪያስ ቆሞ አየ የሚሉኝ አሉ፤ ይበሉ። አንቺ ግን እውነቱን እንድታውቂ ፈለግሁ።

እማዬ ቦጋለች ጉንጮችሽን ትስማለች፤ ጸሎቷን አላቋረጠችም። ኦቦ ሂርጳ ናጋ ይሁንላት፣ ሰላም ትክረም ብለዋል። እማማ ፈትለወርቅ መርቀውሻል። ልጅሽ ሳምሪ አድጋለች፤ አባቷን ጉንፋን ነው የያዘው ብለናታል። የክረምት ትምህርት የቤት ሥራዋን እሱ አጠገብ ካልሆነ አትሠራም፤ ባሳለ ቁጥር እርሳሷን ታቆምና ሳሉ እስኪያልፍ ፊቱን ታያለች።

ወንድምሽ ሚልኪያስ
አምቦ፣ ነሐሴ 18 ቀን 2011 ዓ.ም.